ባለቤቴ ሳያማክረኝ ፈርሟል፤ ልከተለው ወይስ ልቅር?

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለቤቴ በዕቃ ማጓጓዝ በተሰማራ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። የ8 ዓመት ሴት ልጅና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። በነሐሴ መጀመሪያ አንድ ቀን ማታ እራት እየበላን ሳለ «ድሬዳዋ ቅርንጫፍ ለ10 ወር ተመድቤያለሁ፤ መስከረም 5 ሥራ እጀምራለሁ፤ ሁላችንም እንሄዳለን» አለኝ። «መቼ ነገሩህ?» ስለው «ባለፈው ሳምንት፤ ፈርሜያለሁ» ብሎ መለሰልኝ።

ልጆቹን ለአዲሱ ዓመት አስመዝግቤያለሁ። እናቴ የደም ግፊት አለባት፤ ሐኪም ቤት የምወስዳት እኔ ነኝ። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቴ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ናት። ወንድም አለኝ፤ እሱ ግን «አንቺ ታውቂበታለሽ» ከማለት አያልፍም። ዕቁቤ ገና አልደረሰኝም። ጓደኞቼ «ባልሽን ተከተይ፤ ድሬ ብቻውን የሄደ ወንድ አይመለስም» ይሉኛል። እሱ ደግሞ «10 ወር ምን አላት? ሄደን እንመለሳለን» ይላል። ድሬዳዋን ሳላያት ጠላኋት። ልሂድ ወይስ ልቅር? ከሄድኩስ እዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ምን ልሆን ነው?

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ድሬዳዋ ሙቀትም ሆነ ስለ ርቀቱ አንድ ቃል አልጻፍሽም። ስለዚህ የተናደድሽው በከተማዋ አይመስለኝም። የአራት ሰው ኑሮ የሚለውጥ ወረቀት ላይ አንቺ ሳትጠየቂ ፊርማ አርፏል። በዚህ መናደድሽ ልክ ነው፤ ማንም ሰው «ትንሽ ነገር አታካብጂ» ቢልሽ አትስሚው። ይህን ንዴት ውጠሽ ሻንጣ ካዘጋጀሽ እዚያ ደርሶ በሌላ ስም ይወጣል። በውኃው መጥፋት፣ በቤቱ ጥበት፣ እሱ አምሽቶ በመግባቱ ትጣያላችሁ፤ እሱም የተጣላችሁት በእርግጥ ስለ ውኃው ይመስለዋል።

ስለዚህ ስለ መሄድና ስለ መቅረት ከመነጋገራችሁ በፊት ይህ ነገር ይውጣ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ፣ «መሄዱን አልጠላው ይሆናል፤ ሳትጠይቀኝ መፈረምህ ግን ጎድቶኛል» በይው። ከዚያ ዝም በይና መልሱን ጠብቂ። ነገሩን አንድ ሳምንት ሙሉ በሆዱ ይዞ የከረመ ሰው እምቢ እንዳትይው ፈርቶ ይሆናል። ወይም አለቃው ፊቱ ቆሞ «ዛሬውኑ ወስን» ብሎት ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ይነግርሻል፤ ነገሩ ይገባሻል፤ ሆኖም ይቅርታውን ከራሱ አፍ ልትሰሚው ይገባል።

«ባልሽን ተከተይ» የሚሉሽ ጓደኞችሽ ክፉ አስበው አይደለም። ምክራቸው ግን ሕጉ ራሱ የተወው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የባልና ሚስትን መኖሪያ የሚመርጠው ባል ነው ይል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ መኖሪያቸውን ሁለቱ በጋራ እንዲወስኑ አደረገ። ሕጉ በአዲስ አበባም በድሬዳዋም ይሠራል። ከዚህም አልፎ ባልና ሚስት ለተወሰነ ጊዜ ተለያይተው ለመኖር መስማማት እንደሚችሉ በግልጽ ጽፏል። ይህን የምነግርሽ ፍርድ ቤት እንድትሄጂ አይደለም። ብትቀሪ ትዳርሽን እንዳፈረስሽ፣ ብትሄጂ ደግሞ ግዴታሽን ብቻ እንደተወጣሽ አድርገሽ እንዳታስቢ ነው። በሁለቱም መንገድ ወሳኟ አንቺም ነሽ።

«ብቻውን የሄደ ወንድ አይመለስም» የሚለውን ወሬ ግን በትዕግሥት ማለፍ አልቻልኩም። ባሏን ለመጠበቅ ብላ የምትሄድ ሴት ከደረሰችበት ቀን ጀምሮ ዘበኛ ናት። የገባበትን ሰዓት ትቆጥራለች፣ ስልኩን ታያለች፣ በእያንዳንዱ የሥራ ባልደረባው ትጠረጥራለች። ለ10 ወር እንዲህ ከመኖር ለጊዜው ተራርቆ መኖር ይሻላል። የሚያሳስብሽ ነገር ካለ በስሙ ጥሪውና ከመሄዱ በፊት ተነጋገሩበት። ለምሳሌ በዚያ አካባቢ ከምሳ በኋላ ጫት ይዞ መቀመጥ የተለመደ ነው፤ የሥራ ሰዎችም ይጠሩታል። «በርጫ ላይ ስንት ቀን ልትውል ታስባለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ከሐሜት በእጅጉ ይሻላል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። እኔ ሂጂ እላለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ፣ ደግሞም ከእሱ ጋር በአንድ ቀን አይደለም።

ቅድመ ሁኔታው የመመለሻው ቀን ነው። ባለቤትሽ ከመሥሪያ ቤቱ የምደባ ደብዳቤ ይዞ ይምጣ። ምደባው መቼ እንደሚያበቃ፣ ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ወዳለው የሥራ መደቡ እንደሚመለስ፣ ይራዘም ከተባለ ደግሞ ከስንት ወር በፊት እንደሚነገረው ደብዳቤው ላይ ይጻፍ። የቤተሰብና የዕቃ ማጓጓዣ፣ የቤት አበል፣ የበረሃ አበል ይከፈል እንደሆነም አሁን ይጠይቅ፤ ሥራ ከጀመረ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ጉልበት የለውም። 10 ወር የተባለ ምደባ ሳይታሰብ 2 ዓመት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የሚሆነውም ብዙውን ጊዜ በክፋት ሳይሆን ማንም ቀኑን ስላልጻፈው ነው። መሥሪያ ቤቱ «እናያለን» ብቻ ካለ አንቺና ልጆቹ ዘንድሮ አዲስ አበባ ቆዩ። እሱ በየወሩ ይምጣ፤ እናንተም በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሂዱ። በአውሮፕላን 1 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከፉሪ ለቡ የሚነሳውም ባቡር ድሬዳዋ ይደርሳል። ከባድ ዓመት ይሆናል፤ ሆኖም ማብቂያው ያልታወቀ ጉዞ ላይ ሥራሽንና ቤትሽን ከማፍረስ ይቀላል።

ደብዳቤው ከመጣ ግን ሂጂ የምልበት ምክንያት አለኝ። ከመስከረም እስከ ሰኔ ያለው 10 ወር ልክ አንድ የትምህርት ዘመን ነው። ልጆቹ በመካከል አይቋረጡም፤ እዚያ ጀምረው እዚያው ይጨርሳሉ፤ በቀጣዩ ዓመት ከነበሩበት ይቀጥላሉ። የ4 ዓመት ልጅ አባቱን ለ10 ወር በስልክ ብቻ ቢያውቀው የሚጎድለው ነገር ቀላል አይደለም። አንቺም ብትቀሪ ሁለት ልጆች፣ ሥራና የታመሙ እናት በአንድ ትከሻ ትሸከሚያለሽ፤ ይህን ከድሬዳዋ ሙቀት የሚያንስ አድርገሽ አትቁጠሪው።

በአንድ ቀን አትሂዱ ያልኩትም ለዚህ ነው፦ እሱ መስከረም 5 ሥራ ይጀምር፤ አንቺ እንቁጣጣሽንና መስቀልን ከእናትሽ ጋር አሳልፈሽ ከመስከረም 17 በኋላ ልጆቹን ይዘሽ ውጪ። በዚያ ጊዜ ቤት የሚፈልገው፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያየው፣ የመጀመሪያውን ጀሪካን የሚገዛው እሱ ይሆናል። ይህን ሥራ አንቺ ሄደሽ እንድትሠሪው አትፍቀጂ። የፈረመው እሱ ነው፤ መንገዱንም እሱ ይጥረግ። ልጆቹ የሚያመልጣቸው ከሁለት ሳምንት ብዙም አይበልጥም፤ አስተማሪ ነሽና እሱን ማካካሻ አንቺ ታውቂያለሽ።

ቤት ሲፈልግ ጣሪያው ኮርኒስ ያለው መሆኑን ይይ፤ ባዶ ቆርቆሮ ከሥሩ የሚያስቀምጥ አይደለም። ግቢው ዛፍ ካለው ትንሽ ጨምሮ ቢከፍልም ያዋጣዋል። ከደቻቱ ወንዝ ዳር ራቅ ይበል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት የወረደው ደራሽ ውኃ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ውኃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣና ታንከር መኖሩን ከአከራዩ ሳይሆን ከጎረቤት ይጠይቅ።

አሁን ያለሽበት ቤት የኪራይ ከሆነ አትልቀቂው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል፤ የተመዘገበ ውል ካላችሁ ዋጋ አለው፤ በእጃችሁ ይቆይ። አከራዩን አነጋግሪና በጽሑፍ ከተስማማ እህትሽና እናትሽ እዚያ ቢገቡ፣ ወይም የምታምኑት ዘመድ ኪራዩን እየከፈለ ቢቆይበት መልካም ነው። ሶፋና ቁምሣጥን ጭናችሁ አትሂዱ። አልጋ፣ ፍራሽ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ የልጆቹ መጻሕፍት ይበቃሉ፤ ማራገቢያ እዚያው ትገዛላችሁ።

ስለ ሥራሽ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ፦ መልቀቂያ አታስገቢ። ያለ ክፍያ ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቂ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሠራተኛው ጥያቄ አሠሪው የሚሰጠውን ያለ ክፍያ ፈቃድ ውሉን ለጊዜው ከሚያግዱ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ውሉ ታገደ እንጂ አልተቋረጠም፤ ፈቃዱ ባበቃ ማግስት ሥራሽ ላይ ትገኛለሽ፤ አሠሪውም ይቀበልሻል። ትምህርት ቤቱ ፈቃዱን የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ ስለዚህ ጥያቄሽን አቅልዪለት። በምትክሽ የሚገባ መምህር እስኪገኝ እስከ መስቀል እንደምታስተምሪ፣ የዓመቱን ዕቅድ አዘጋጅተሽ እንደምታስረክቢ፣ በቀጣዩ ነሐሴ እንደምትመለሺ ጻፊ። ጥሩ የሒሳብ መምህር በቀላሉ አይገኝም፤ ርእሰ መምህሩም ይህን ያውቃሉ። ፈቃዱ ከተሰጠሽ የጀመረበትና የሚያበቃበት ቀን የሰፈረበት፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘሽ ውጪ። እምቢ ካሉ ደግሞ ተመልሰሽ ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ በይ፤ የአንቺ ሥራ መጥፋት የዚህ ጉዞ ዋጋ ከሆነ ዋጋው ሲወሰን ሁለታችሁም ልታዩት ይገባል።

ስለ እናትሽ ያነሳሽው ከሁሉ የከበደኝ ነው። ጥፋተኛ እንደሆንሽ አድርገሽ ጽፈሻል። ወንድም አለሽ። «አንቺ ታውቂበታለሽ» የሚለው ንግግር ሸክም የማይሸከም ሰው ምስጋና ነው። መሄድሽ ለቤተሰባችሁ አንድ መልካም ነገር ሊያመጣ ይችላል፤ እሱም ወንድምሽ የእናቱን መድኃኒት ስም ማወቁ ነው። በአዲስ ዓመት ሦስታችሁም እናትሽ ቤት ስትገናኙ፣ እሳቸው ባሉበት፣ የሐኪም ቀጠሮዎቹን ቀን ጽፈሽ አቅርቢ። የቀጠሮው ቀን የሚወስዳቸው ወንድምሽ፣ መድኃኒቱን የምትገዛውና ማታ ግፊታቸውን የምትለካው እህትሽ ትሁን። የቤት መለኪያ ከሌላቸው ግዙ። ሐኪሙን የቀጠሮው ርቀት ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ጠይቂ። አንቺ በየምሽቱ ትደውያለሽ፤ የተለካውን ትሰሚያለሽ። ለእናትሽም መሄድሽን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ዛሬ ነገ ሳትዪ ራስሽ ንገሪያቸው። ስለት ካላቸው ደግሞ ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤልን ተሳልመው ወደ እናንተ ይምጡ። ከኅዳር እስከ ጥር የድሬዳዋ አየር ደስ የሚል ነው፤ ለእሳቸውም አይከብድም። ትኬቱን ብቻ ቀደም ብላችሁ ግዙ፤ በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ ወደዚያ ይጓዛል።

አሁን ደግሞ ሳታያት ስለጠላሻት ከተማ ትንሽ ላውራሽ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው ሜዳው ላይ ቀረ፤ ከተማዋም እዚያው በቀለች። ከመሠረቷ በሥራ ምክንያት በመጡ ሰዎች የተሞላች ስለሆነች እንግዳ መሆን እዚያ አያሳፍርም። ጎረቤትሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «አንቺ» ቢልሽ፣ የሱቅ ልጅ «አቦ» ብሎ ቢያናግርሽ ንቀት እንዳይመስልሽ፤ የአገሩ ፍቅር እንዲህ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ትሰሚያለሽ። በሦስቱም ቋንቋዎች የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ስላሉ ለልጅሽ ቋንቋው አያስቸግራትም። ከአሁኑ ትምህርት ቤቷ መሸኛዋንና የውጤት ካርዷን አውጪ፤ የተከፈለውን የምዝገባ ገንዘብ ይመልሱ እንደሆነም ጠይቂ፤ ባይመልሱ ግን ለእሱ ብለሽ ውሳኔሽን አትለውጪ።

ሙቀቱ እውነት ነው። ከአዲስ አበባ በግማሽ ወደሚያንስ ከፍታ ትወርጃለሽ፤ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግንቦትና ሰኔ ነው፤ እሱ የሚመጣው ከለመድሽ በኋላ ነው። የቀኑን አካሄድ ከአገሩ ሰው ተማሪ። ቀፊራ ገበያ ሰው በጠዋት ወጥቶ ይመለሳል፤ በቀትር ሱቁም ሰውም ያርፋል፤ ከተማዋ እንደገና የምትነሳው ፀሐይ ዘወር ስትል ነው። ያኔ ልጆቹን ይዘሽ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ሂጂ። ሊጥሽም በአዲስ አበባ ከምታውቂው ቀድሞ ይኮመጥጣል፤ የመጀመሪያው እንጀራ ቢበላሽብሽ አትናደጂ፣ ቀኑን አሳጥሪ። ማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት ቢይዝም የውኃው ካልሲየም ነው።

በጤና በኩል አንድ ነገር በቁም ነገር ያዢ። በከተማዋ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳት፣ ከ2011 ወደ 2012 ዓ.ም. መሸጋገሪያ ላይ ደግሞ ቺኩንጉንያ ተነስቶ ብዙ ሰው አስተኝቷል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን የምትናከስና በየቤቱ በተጠራቀመ ውኃ ውስጥ የምትራባ ናት። የወባ አጎበር ለሌሊቱ ያስፈልጋችኋል፤ ለቀኑ ግን አይበቃም። በርሜሉም ባልዲውም ሁልጊዜ ተከድኖ ይደር፣ በየሳምንቱ ይታጠብ፤ ልጆቹ ስስ ረጅም እጅጌ ይልበሱ። ትኩሳት ከያዛቸው ሳትውይ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ውሰጂያቸው፤ ምንነቱ ሳይታወቅ ከፓራሲታሞል በቀር አስፕሪንም ሆነ አይቡፕሮፌን አትስጪ።

«ቤት ውስጥ ተቀምጬ ምን ልሆን ነው?» ላልሽው፣ ለአጭር ጊዜ ብለው የሚሄዱ ብዙ ሰዎች ካርቶኑን ሳይፈቱ፣ መጋረጃ ሳይሰቅሉ፣ ጎረቤት ሳያውቁ፣ መናኸሪያ ላይ መኪና እንደሚጠብቅ መንገደኛ ዓመቱን ይገፉታል። አንቺ እንዲህ አትሁኚ። መጋረጃውን በደረስሽበት ሳምንት ስቀይ፤ ለጎረቤቶችሽ ቡና አፍልተሽ አንቺ ጥሪያቸው፤ የምትጸልዪበትን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ፈልጊ። ከዚያ ሥራሽን ቀጥዪ። የሒሳብ መምህር ነሽ፤ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለበት ልጅ በየሰፈሩ አለ። በሳምንት ጥቂት ቀን ማስጠናት ትችያለሽ። የግል ትምህርት ቤቶችም መንፈቅ ዓመቱ ላይ መምህር የሚጎድልባቸው ጊዜ አለና ማስረጃዎችሽን ይዘሽ ሂጂ።

ይህን የምለው ስለ ገንዘቡም ጭምር ነው። እስከ ዛሬ የራስሽ ደመወዝ ነበረሽ። ድንገት ለጫማም ለታክሲም እጅ መዘርጋት ከጀመርሽ፣ ባልሽ የቱንም ያህል ደግ ቢሆን፣ ውስጥሽ ይጎዳል። የሚጨመርለት አበል ለቤተሰቡ የተሰጠ ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ከእሱ ላይ በየወሩ በአንቺ ስም ባንክ የሚገባውን ተስማሙ። ዕቁብሽም ከዚያ ይከፈል፤ ለዕቁቡ ሰብሳቢ ነግረሽ በቴሌብር ወይም በባንክ ትልኪያለሽ፤ ዕጣሽ ሲወጣ የሚቀበልልሽን ሰው አሳውቂ። እድራችሁንም አታቋርጡ። ወርኃዊውን እህትሽ ትክፈል፤ ለቅሶ ሲኖር እሷ እንደምትቆምላችሁ ለእድሩ ጸሐፊ ንገሩ። ከወጡ በኋላ እንደገና መግባት ውድ ነው።

ለልጅሽ ሁለታችሁም አብራችሁ ንገሯት። «ሽርሽር ነው» ብላችሁ አታታልሏት፤ 8 ዓመት ሞልቷታል። ስንት ወር እንደሆነ፣ መቼ እንደምትመለስ ንገሯትና ቀን መቁጠሪያ ላይ ራሷ ታክብበው። የምትወዳት ጓደኛ ካለች የእናቷን ስልክ ያዢ።

ይህን ሁሉ ለመጨረስ ያለሽ ጊዜ አጭር ስለሆነ በቅደም ተከተል ሂጂ። ዛሬ ማታ ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሪ። እሱ በዚህ ሳምንት ደብዳቤውን ከመሥሪያ ቤቱ ይጠይቅ። አንቺ ርእሰ መምህሩን አሁን አነጋግሪያቸው፤ የፈቃድ ማመልከቻሽን ግን ደብዳቤው እጃችሁ ሳይገባ እንዳታስገቢ።